ሠራዊት በ400 ብር

ስለ ጨዋታ መጻፍ የዚህችን መጽሔት ገጽ ማባከን የሚመስለው ተማሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ፈተና በተቃረበበት፣ የእንጀራ ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት በዚህ ጊዜ አራት ጎልማሶች በራቸውን ዘግተው የካርቶን ወታደር ሲቆርጡ አመሹ ቢባል፣ «ሌላ ሥራ አጡን?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን። ነገር ግን መልሱን ከማቅረባችን በፊት ነገሩ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደ ተሠራ መናገር ይገባናል፤ ያገኘነው ቁም ነገር ሁሉ የመጣው ከአሠራሩ ነው፤ አሠራሩም የመጣው ከገንዘብ ማጣት ነው።

የገበታ ላይ የጦር ጨዋታ የሚባለው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በጠረጴዛ ላይ ተራራና ሸለቆ ሠርተው፣ ትንንሽ ምስል ወታደሮች አሰልፈው፣ እርምጃውን በማስመሪያ እየለኩ፣ ውጤቱን በዳይስ እየወሰኑ አንድን ጦርነት የሚጫወቱበት ነው። በባሕር ማዶ የቆየ ታሪክ አለው። በፕሩስያ ራይስቪትዝ የተባሉ አባትና ልጅ ጀመሩት፤ ልጁም እ.ኤ.አ. በ1824 ሕጉን አሳትሞ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ እንዲሆን አደረገው። በእንግሊዝ አገር ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ጨዋታውን ከመኮንኖች ጠረጴዛ ወደ ቤተ ሰብ ምንጣፍ አወረደው። ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ርካሽ የፕላስቲክ ወታደር በሣጥን መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ለተማሪ ኪስ ቀረበ። ዋርሀመር የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣ በኋላ ግን ትልቅ ንግድ ሆነ፤ ዋጋውም እንደ ንግዱ አደገ።

የእኛም አገር ለነገሩ ባዕድ አይደለችም። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የጦር አምሳል ነው፤ ከአውሮፓው ቼዝ የሚለይበትም አንድ ትልቅ ነገር አለው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደየእጃቸው ፍጥነት፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ያንቀሳቅሳሉ። ይህም ወረራ ይባላል። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ከመካከላችን አንዱ የውጮቹን ጨዋታዎች በስልኩ አይቶ ወድዶ ነበርና ዋጋቸውን አጣራ። ከታወቁት ኩባንያዎች የሚወጣ፣ አሥር ያህል ምስል የያዘ አንድ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ከ40 ዶላር በላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ሠራዊት ለማቆም ብዙ መቶ ዶላር ያስፈልጋል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗልና፣ ሂሳቡን ማስላቱ ራሱ ራስ ምታት ነው። በዚያም ላይ ምስሎቹ ተገጣጥመውና ተቀብተው አይመጡም፤ ገዢው ራሱ ሊያጣብቅ፣ ራሱ ሊቀባ ነው። የሂሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ይህን በሰማ ጊዜ «ሥራው የእኛ ከሆነ ዕቃውንም እኛው እንሥራው» አለ። መዝገብ ያዥነቱም በዚያው ምሽት ጸደቀለት። እያንዳንዳችን 100 ብር አዋጣን፤ ከ400 ብር አንድ ሳንቲም እንዳናልፍም ተማማልን።

ገንዘብ ያለው ሰው ሠራዊት ሲያቋቁም ከሱቅ ይጀምራል። ገንዘብ የሌለው ከቍጥር ይጀምራል። ስንት ምስል ያስፈልጋል? አንዱ ምስልስ ስንት ሰው ይወክላል? በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው «ዴ ቤሊስ አንቲኩዊታቲስ» ከተባለው የእንግሊዞች ሕግ አንድ ትምህርት ወሰድን። በዚያ ሕግ አንድ ሠራዊት 12 መቆሚያ ብቻ ነው፤ መቆሚያ የሚባለውም ጥቂት ምስሎች ተጣብቀውበት አንድ ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ወታደሩ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ ጭፍራው ነው የሚቆጠረው። ለድኻ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለም።

የመረጥነው ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋን ጦርነት ነው። መዝገብ ያዣችን መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር፤ ተቃውሞውም ከአገር ፍቅር ማነስ የመጣ አልነበረም። «የምኒልክ ጦር ለድኻ የማይመች ጦር ነው፤ ብዙ ነው» ነበር ያለው። እውነቱን ነው። የኢጣልያ ጦር ወደ 17,700 የሚጠጋ ሰውና 56 መድፍ ነበረው፤ የኢትዮጵያ ጦር ደግሞ እንደየጸሐፊው ግምት ቢለያይም 100,000 ያህል ይባላል። አንድ ምስል ለ100 ሰው ቢቆም ለኢትዮጵያ ወገን ብቻ 1,000 ምስል ሊቆረጥ ነው። ስለዚህ አንድ መቆሚያ ለ500 ሰው እንዲቆም ተስማማን። ለኢጣልያ 35፣ ለኢትዮጵያ 200፣ በጠቅላላው 235 መቆሚያ ሆነ። በእያንዳንዱ መቆሚያ ላይ አራት ምስል ይሣላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መቆሚያው ከተጣለ ካርቶን የሚቆረጥ፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። ምስሎቹ በወረቀት ላይ ፊትና ጀርባቸው ተሥሎ፣ ወረቀቱ እንደ ድንኳን በመካከሉ ይታጠፍና በታች ባለው የአንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ትርፍ ከካርቶኑ ላይ ይጣበቃል። የእያንዳንዱ ቁመት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለ ሆነ፣ ፊቱ ከጀርባውና ከትርፉ ጋር 7 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። እንግዲህ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ በወርድ 5፣ በቁመት 4፣ በድምሩ 20 መቆሚያ ይገባል። 235ን ለ20 ብናካፍል 12 ወረቀት በቂ ነው፤ 5 ቦታም ይተርፋል። ስለዚህ ትርፍ ኋላ እንናገራለን።

ዐሥራ ሁለቱን ወረቀት በእጅ መሣል የማይቻል ስለ ሆነ ሁለት ዋና ወረቀት ብቻ ሣልን። «ሀ» ያልነው ሃያውም የኢትዮጵያ እግረኛ ነው። «ለ» ያልነው 9 የኢጣልያ ወታደር፣ 6 ፈረሰኛና 5 የኢትዮጵያ እግረኛ የያዘ ነው። ይህች መጽሔት ከምትባዛበት ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን «ሀ»ን ዘጠኝ ጊዜ፣ «ለ»ን ሦስት ጊዜ በወፍራም ወረቀት አባዛን። የምኒልክ ፈረሰኛ 8,600 ያህል ነበር ስለሚባል 17 መቆሚያ ሰጠነው። ከጦሩ አብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ ስለ ነበረ፣ ከአራቱ ምስል ሦስቱ ጠመንጃ፣ አንዱ ጦርና ጋሻ እንዲይዝ አደረግን። ሸማ ነጭ በመሆኑ ደግሞ እጅግ ጠቀመን፤ ወረቀቱ ራሱ ነጭ ስለ ሆነ የአንድ መቶ ሺህ ሰው ልብስ ያለ አንዳች ወጪ ተሰፋ። ለኢጣልያኖቹ ልብስና ለኮረብታው ቀለም ያገለገለን ከቡና ጠጪ ጎረቤቶቻችን የተለመነ የቡና አተላ ነው።

እዚህ ላይ ቀላል የማይባል ክርክር ተነሣ። በአገራችን የሥዕል ልማድ ደጋግ ሰዎች በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዐድዋ ጦርነት የቆዩ ሥዕሎችም ይህንኑ ተከትለው የእኛን ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ኢጣልያኖቹን በአንድ ዓይን ያሳያሉ። እኛም እንደዚሁ ሣልን። ነገር ግን የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው የኤርትራ ተወላጆች የሆኑ አስካሪዎች ያሉበት ነበር፤ እነዚህስ ስንት ዓይን ይኑራቸው? አንዱ «ከጠላት ጋር ተሰልፈው የተኮሱ ናቸውና አንድ» አለ። ሌላው «ከጦርነቱ በኋላ የተማረኩት አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፤ ዓይናቸውን ደግሞ እኛ እንንሣቸውን?» አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። በመጨረሻ መዝገብ ያዣችን ተነሥቶ፣ ለአስካሪ ብቻ ሦስተኛ ዋና ወረቀት ቢሣል ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቅጂ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። ስለዚህ ከ«ሀ» ላይ 8 መቆሚያ ተወስዶ ራሱ ላይ በቀይ ቀለም ተርቡሽ ተደረገለት። ክርክሩን የፈታው ፍልስፍና ሳይሆን የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ሆኖም ደርቀው በቆሙ ጊዜ ስናያቸው ያው ፊት፣ ያው እጅ፣ ያው ነጭ ልብስ ነው፤ ከቀይ ቆቡ በቀር ልዩነት የላቸውም። ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ያነሣ የለም።

አዝማቾቹን ግን በእጅ ሣልናቸው፤ ጥቂት ናቸውና። ከደብተር ልባስ ቆርጠን በለስላሳ ቆርኪ ላይ አቆምናቸው። ቆርኪ ወርዱ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የውጮቹ ኩባንያዎች ለአንድ ምስል ከሚሸጡት መቆሚያ አንዱ ልክ ነው፤ እነሱ ይሸጡታል፤ እኛ ከመንገድ እናነሣዋለን። ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ መኰንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ ራስ ወሌና ዋግሹም ጓንጉል በአንድ ወገን፤ ባራቲየሪ፣ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና በሌላው ወገን፤ በጠቅላላው 14 ቆርኪ ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስም እንደ ቆዩት ሥዕሎች በነጭ ፈረስ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን በጨዋታው ሕግ ለእያንዳንዱ አዝማች የኀይል ነጥብ ይሰጣል፤ ለእርሱ ነጥብ ልንቆርጥ ስላልደፈርን ከሰማይ እንዲመለከት ተውነው።

መድፉን የሠራነው ቀለሙ ካለቀበት የእስክሪብቶ ቀፎ ነው፤ መንኰራኵሩ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። አንድ መድፍ ለስምንት ስለሚቆም የኢጣልያ 56 መድፍ 7 ሆነ፤ ለኢትዮጵያ 40 ለሚሆነው 5 መደብን። ዐሥራ ሁለቱ 24 ቁልፍ ፈጁ። ዳይሱን ከጎረቤት ሉዶ ተበደርን። የመዝገቡ ዝርዝር እነሆ፤ ለቅጂ 120 ብር፣ ለሙጫ 80፣ ለቀይና ለአረንጓዴ ቀለም 90፣ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 50፣ ለቁልፍ 48፤ ድምር 388 ብር። ተራፊ 12 ብር።

ዱቄቱ ለተራራው ነው። የተለመኑ የእንቁላል ማስቀመጫዎች ተደራርበው፣ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት የተነከረ አሮጌ ጋዜጣ ይለበስባቸዋል፤ በሁለት ቀን ይደርቃል። የዐድዋን ምድር ለመሥራት ካርታና ፎቶግራፍ አዘጋጅተን ነበር፤ ነገር ግን ከአራታችን አንዱ የተወለደው እዚያው ዐድዋ ነው። ካርታውን ወደ ጎን አድርጎ ሶሎዳን፣ ሰማያታን፣ ራእዮን፣ የማርያም ሸዊቶን ሸለቆ በእጁ አበጀ። እኛ ስናግዘው «እንዲህ አይደለም፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው» እያለ ያርመን ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዚህ ጓደኛችን ትምህርት ቤት ተዘግቶ እርሱም ከቤተ ሰቡ ጋር ከቤት ወጥቶ ነበር። በእርጥቡ ጋዜጣ ላይ አንድ ሸለቆ በአውራ ጣቱ እያሰመረ «እዚህ ሁለት ሳምንት አድረናል» ከማለት በቀር አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ከዚህ በኋላ ሕግ ማውጣት ቀረ። ሕግ ወጪ የለበትም፤ ስለዚህ በሕጉ አልቆጠብንም። መጀመሪያ ስለ ካርታው ነው። ባራቲየሪ ለአዛዦቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ስም በሌላ ኮረብታ ላይ አስቀምጦት ነበር። አልቤርቶኔ በሌሊት ጉዞው እውነተኛዋን እንዳ ኪዳነ ምሕረትን ፍለጋ ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ወደ ፊት አለፈና ለብቻው ተከበበ። ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ተነጠለ። በእኛም ጨዋታ ለኢጣልያው ተጫዋች በእጅ የተነደፈ ካርታ ይሰጠዋል፤ የሦስት ኮረብቶች ስም በዕጣ ተለዋውጦበታል፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነ የሚያውቀው ጦሩ እዚያ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ስለ ጉዞው ነው። እዚህ ላይ የሰንጠረዡ ወረራ አገለገለን። የሌሊቱ ጉዞ ያለ ተራ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ በፍጥነት ይደረጋል፤ የመጀመሪያው መቆሚያ እስኪነሣ ድረስ። ያን ጊዜ ሁሉም እጁን ይሰበስባል፤ ተራ መጠበቅም ይጀመራል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት እጅ ሲራኮት ያየ ሰው፣ በጨለማ አራት ብርጌድ እንዴት ሊጠፋፋ እንደሚችል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ስለ ስንቅ ነው። የውጮቹን ሕጎች ስናይ ብዙዎቹ ወታደሩ በልቶ እንደ መጣ ይቆጥራሉ። በዐድዋ ግን በየካቲት መጨረሻ ሁለቱንም ወገን ይገፋቸው የነበረው ረኀብ ነው፤ የምኒልክ ጦር ባላገሩ ሊመግበው ከሚችለው በላይ ነበር፤ የባራቲየሪም ስንቅ ለጥቂት ቀን የቀረ ነበር። ከዚያ በፊት በጥር ወር በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ስለ ተያዘ ነው። ስለዚህ የእኛ ጨዋታ ከውጊያው በፊት ባሉት ቀናት ይጀምራል። ለኢጣልያ 4፣ ለኢትዮጵያ 6 ፍሬ ሽምብራ ይሰጣል፤ በየቀኑ አንድ ፍሬ ይነሣል። ሽምብራው ያለቀበት ወገን ወይ ይዋጋል ወይ ይመለሳል።

ሦስት ጊዜ ተጫወትን። በመጀመሪያው ጨዋታ የኢጣልያው ተጫዋች እስከ አራተኛው ፍሬ ጠብቆ ወጣ፤ ካርታው አሳሳተው፤ እንደ ታሪኩም ሆነ። ሲያልቅ ከኢጣልያ 13፣ ከኢትዮጵያ 9 መቆሚያ ተነሥቶ ነበር። በእውነተኛው ጦርነት ከኢጣልያ ወገን የሞተው 6,000 ያህል፣ ከኢትዮጵያ ወገን ከ4,000 እስከ 5,000 ነው ስለሚባል፣ ቍጥሩ ከታሪኩ ብዙ ስላልራቀ ሕጋችን ደኅና መሆኑን እየተናገርን ደስ አለን። ከ13ቱ የኢጣልያ መቆሚያ የተነሣው ክፍት ቦታ በገበታው ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። ከ200 የኢትዮጵያ መቆሚያ 9 ሲጎድል ግን ምንም አይታወቅም። ጭፍራው እንዳለ ነው። የወደቁትን ወደ ጫማ ካርቶን ጥለናቸው ስለ ድሉ ስናወራ፣ የዐድዋው ጓደኛችን ካርቶኑን አንሥቶ አልጋ ላይ ገለበጠና ዘጠኙን አንድ በአንድ አስተኛቸው። «አምስት መቶ» አለ፤ «አንድ ሺህ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ» እያለ እስከ አራት ሺህ አምስት መቶ ቆጠረ። ከዚያም የኢጣልያን 13 በዚያው ብርድ ልብስ ላይ አጠገባቸው አስተኛ፤ ቀይ ቆብ ያላቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። ቆጥሮ ሲጨርስ «ይህ ሕግ ይሁን» አለ። ሕግ ሆነ። አሁን በጨዋታችን አሸናፊው የሚነገረው የሁለቱም ወገን ሙታን በጩኸት ከተቆጠሩ በኋላ ነው።

ይህ ሕግ በጨዋታው ላይ ያመጣውን ለውጥ መሸሸግ አይገባም። ወረቀት ርካሽ ነው፤ ርካሽ ወታደር ያለው አዝማችም በወታደሩ አይሳሳም። ዋጋው ብዙ ዶላር የሆነ፣ ሌሊት ሙሉ ሲቀባ ያደረ ምስል ያለው ተጫዋች እያንዳንዱን በስስት እንደሚያንቀሳቅስ እንሰማለን። እኛ ግን አንድ ወረቀት ላይ ሃያ ጭፍራ እናትማለንና፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ፊት ለፊት ወደ መድፍ ስንሰድዳቸው ማንም ቅር አላለውም። ከቆጠራው በኋላ የኢትዮጵያው ተጫዋች በመድፉ ፊት ከመሄድ በኮረብታው መዞር ጀመረ።

በሁለተኛው ጨዋታ የኢጣልያው ተጫዋች በሦስተኛው ፍሬ ላይ ሳይዋጋ ወደ እንትጮ ተመለሰ። ዳይስ አልተጣለም፤ 35ቱም፣ 200ውም እንደ ቆሙ ቀሩ። አሰልቺ ነበር። ጓደኛችን ግን «ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው» አለ። እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ የሆነው ሦስተኛው ጓደኛችን አልታገሠም። «ያለዚያ ቀን የውጫሌ ውል ይሰረዝ ነበርን? በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የነጻነት ውል ከየት ይመጣ ነበር? ሳይዋጉ መመለሳቸው ለሚመጣው ዓመት መምጣታቸው ነው» አለ። ይህም እውነት ነው። የዐድዋው ልጅ «እውነት ነው» ብሎ መለሰለት፤ «ግን የተሻለው ይህ ነው» አለ ደግሞ። ሁለቱም እስካሁን ከቃላቸው አልተመለሱም፤ እኛም ልናስታርቃቸው አልቻልንም፤ እንዲታረቁ የሚያስፈልግም አይመስለንም። ዌልስ በዚያ በ1913 መጽሐፉ ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው የትልቁን ጦርነት ሞኝነት ያስተውላል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ጨዋታ ጦርነትን አያስቀርም። ጦርነት መነሣት ያለበት ጊዜም እንዳለ የካቲት 23 ራሱ ይመሰክራል። ጨዋታው የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መቁጠር ነው።

ስለ ተረፉት አምስት ቦታዎች እንናገራለን ብለን ነበር። «ሀ» እና «ለ» ከተቆረጡ በኋላ 4 እግረኛና 1 ፈረሰኛ ተረፈ። መዝገብ ያዣችን ለመጠባበቂያ እንዲቀመጡ ፈለገ። ነገር ግን የስንቁ ሕግ ከወጣ በኋላ ሽምብራውን ማን እንደ ተሸከመው የሚያሳይ ነገር በገበታው ላይ እንደሌለ አየን። ያን ያህል ሕዝብ ከመላው አገር ተነሥቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ እህል የፈጩ፣ ውሃ የቀዱ፣ ቁስለኛ ያነሡ ሴቶችና አገልጋዮች፣ የጭነት በቅሎዎችም ነበሩ፤ የተኳሽ ቍጥር ብቻ በሚጽፍ መዝገብ ግን አይገኙም። ስለዚህ የአራቱን እግረኞች ጠመንጃ በነጭ ወረቀት ሸፍነን በጀርባቸው እንስራ ሣልን፤ ከፈረሰኛውም ሰዎቹን አንሥተን የፈረሶቹን ጆሮ አስረዘምንና በቅሎ አደረግናቸው። በሦስተኛው ጨዋታ ከምኒልክ ጦር ኋላ ተሰለፉ። እነርሱ እስካሉ ድረስ ለኢትዮጵያ ወገን በየሁለት ቀኑ አንድ ሽምብራ ይጨመራል። ሲጨመርም ታየ፤ የኢትዮጵያው ተጫዋች ሳይቸኩል ሊጠብቅ ቻለ፤ ኢጣልያው በረኀብ ወጣ፤ ከኢትዮጵያ የወደቀው 6 መቆሚያ ብቻ ሆነ። የተኳሹ ቍጥር ያው 200 ነበር። ያዳኑት ትርፎቹ ናቸው።

እንግዲህ «ሌላ ሥራ አጡን?» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። ስለ ዐድዋ በየዓመቱ በየካቲት ንግግር እንሰማለን፤ ስንዘምርም አድገናል። ነገር ግን ስንት ሰው ምን በልቶ እዚያ እንደ ደረሰ፣ ከየወገኑ ስንቱ እንዳልተመለሰ፣ በቀይ ቆብ ሥር የነበረው ፊት የማን እንደ ሆነ ለማሰብ ያስገደደን በ400 ብር የተሠራ የወረቀት ሠራዊት ነው። ገንዘብ ቢኖረን ኖሮ የተዘጋጀውን ገዝተን አስካሪውን በሱቁ ሥዕል፣ ተራራውን በሱቁ ተራራ እንተካው ነበር፤ በቅሎውንም ማንም አያስበውም።

ከተማሪ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ጨዋታ ለመሥራት የሚፈልግ ቢኖር ሁለቱ ዋና ወረቀቶች በዚህች መጽሔት ዝግጅት ክፍል ይገኛሉ፤ አባዝቶ መመለስ ነው። የማይጨውን ወይም የመቅደላን ጦርነት ለመሥራት የሚያስብም ቢኖር ቈጥሮ ይጀምር፤ መጀመሪያም የሚቈጥረው ተሸካሚዎቹን ይሁን። ተራፊው 12 ብር በመዝገብ ያዡ እጅ ነው። እርሱም ለሚመጣው ጨዋታ አንድ ቅጂ እናባዛበታለን ብሏል፤ ሃያውም በቅሎና ውሃ ቀጂ ይሆናል።